ድሪቶ ውስጥ የገባው ሸሚዝ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን የምላችሁ ሥራ እንድታመጡልኝ ብዬ አይደለም፤ ወሬዬን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ቁልፍ እንኳ አታስተክሉኝም።

አሶሳ ገበያ ውስጥ፣ ከሽንኩርት ተራው ጀርባ፣ ቆርቆሮዋ ክረምት በገባ ቁጥር ከዝናቡ ጋር የምትሻረክ አንዲት በረንዳ አለች። እዚያ ላይ የእግር ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ መቀመጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ሀብት ይህ መኪናና ምላሳቸው ነበር። ሁለቱንም ወረስኩ። መኪናው አልፎ አልፎ ይበላሻል። ምላሴ አንድ ቀንም ተበላሽቶ አያውቅም፤ ሌላውን ነው የሚያበላሸው።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ዓሻ መጣች። ዓሻ የሰፈራችን ሴቶች አለቃ ናት። ማንም አልመረጣትም፤ ነገር ግን ከሥልጣን ሊያወርዳት የሚደፍር ሰው እስካሁን አልተወለደም። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ አማርኛውን የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ትላለች፣ ሁላችንም ፊቷ ስንቆም እኩል ነን።

«ቁርጥራጭ ጨርቅ ስጠኝ» አለችኝ።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ብርድ ልብስ እንሰፋለን። ከካማሺ ሸሽቶ የመጣ ሰው አዳራሽ ውስጥ ተኝቷል። ሰደቃ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ከመኪናዬ ሥር ያለውን ቁርጥራጭ አፍሼ ብሰጣት ኖሮ ዛሬ የማወራላችሁ ነገር አይኖርም ነበር። እኔ ግን ሽንኩርት ሻጮቹ እየሰሙ መሆኑን አየሁ። ሰሚ ያገኘ ሞኝ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

«አሶሳ ላይ ብርድ ልብስ? ማራገቢያ ብትሰጧቸው አይሻልም?» አልኩ።

ሽንኩርት ሻጮቹ ሳቁ። ዓሻ አልሳቀችም። እጅጌዬን ይዛ «ተነሳ» አለችኝ። ተነሳሁ። በዝናብ ውስጥ እየጎተተች ከተማው ዳር ወዳለው አዳራሽ ወሰደችኝ። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም። ዝናቡ በመስኮት ገብቶ ከሰው ጋር ይተኛል። ሲሚንቶው ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰው ተዘርግቷል።

«ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ብርዱ በመቀመጫዬ ገብቶ በጥርሴ ሊወጣ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ያፈርኩት ግን በብርዱ አይደለም። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠው ነበር። ስንቀጠቀጥ አዩና ጠጋ ብለው የማዳበሪያውን ግማሽ ለቀቁልኝ። «እንግዳ መሬት ላይ አይቀመጥም» አሉ። እሳቸው እኮ ናቸው የተፈናቀሉት።

«ሞቀህ?» አለች ዓሻ።

ያን ጊዜ ነው ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት። ሰው ሲያፍር ዝም ማለት ይገባዋል፤ እኔ ሳፍር ቃል እገባለሁ። «ሁሉንም እኔ እሰፋዋለሁ!» አልኩ፣ ጥርሴ እየተፋጨ።

ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ስጦታ ጎረፈ። ጎርፍ ደግሞ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ግማሽ ካልሲ። ዚፑ የሞተ ሱሪ። አይጥ እንደ ኃላፊ የፈረመችበት መጋረጃ። አንዲት ጎረቤታችን የሠርግ ቀሚሷን አመጣች፤ «ኧረ ተይ ያሳዝናል» ስንላት «ሰውየው ራሱ ሄዷል፣ ቀሚሱ ለብቻው ምን ይሠራልኛል?» አለች። አንድ አስተማሪ ኮቱን ሰጥቶን በሦስተኛው ቀን መነጽሬን ኪሱ ውስጥ ረስቻለሁ ብሎ እየዳበሰ መጣ። መነጽሩ አልተገኘም። ከተፈናቃዮቹ ውስጥ ተኝቶ ጎኑን የሚወጋው ሰው ካለ፣ እሱ የአስተማሪው መነጽር ነው።

ሴቶቹ በእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ቁርጥራጩን በእጅ ያያይዛሉ፤ እኔ በመኪና አጠብቀዋለሁ። ከሥር የታጠበ ማዳበሪያ፣ መሀል የተተረተረ ሹራብ፣ ከላይ ቁርጥራጩ። የተማሪ ዩኒፎርም ከቄስ ጋቢ ጥለት ጎን፣ የወታደር ሱሪ ከሕፃን ቀሚስ ጎን ይውላል። በስሙ ላይ ግን ጠብ ተነሣ። አንዲት ሴት «ድሪቶ» ብላ ብትጠራው ሌሎቹ «ስጦታን ድሪቶ አይሉም!» ብለው ተነሡባት።

«ድሪቶ ምንድን ነው?» አለች ዓሻ።

«ያው ልጥፍ በልጥፍ የሆነ፣ ድሃ የሚለብሰው» አልኳት።

«ታዲያ እኛ ለማን ነው የምንሰጠው? ለሀብታም?»

ጠቡ በዚሁ በረደ።

አሁን ስለ ሁለቱ ማዳበሪያዎች ልንገራችሁ። በረንዳዬ ላይ ሁለት ማዳበሪያ ነበረኝ። በአንዱ ለጥገና የመጣ የደንበኛ ልብስ፣ በሌላው ለድሪቶ የተሰጠ ጨርቅ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም አፋቸው በሲባጎ የታሠረ፣ መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። ባለቤቴ አንድ ቀን ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ አየቻቸውና «አንዱ ላይ ምልክት አድርግበት» አለችኝ።

«እኔ ጨርቅ በእጄ ነው የማውቀው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ» አልኳት።

ባለቤቴ ምሳዬን አስቀምጣ ሄደች። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ መልሱን ጊዜ እንደሚሰጠኝ ታውቃለች።

አንድ ቀን ቆርቆሮዬ ክፉኛ አፈሰሰ። ማዳበሪያዎቹን እየጎተትኩ ከዚህ ጥግ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ አዛወርኳቸው። ዝናቡ ሲያባራ አንዱን ፈትቼ መቁረጥ ጀመርኩ። እጄ ውስጥ አንድ ሸሚዝ ገባ። ሰማያዊ፣ ነጭ መስመር ያለበት፣ አንገት የሌለው። በጣም የለሰለሰ ነው፤ ብዙ የታጠበና ብዙ የተለበሰ ጨርቅ እንዲህ ይለሰልሳል። «ይህን የመሰለ ጨርቅ ማን ጣለው?» ብዬ አደነቅሁ። አደነቅሁና በመቀሴ አራት ቦታ ከፈልኩት። በማግስቱ ከሌሎቹ ጋር ተሰፍቶ ወደ አዳራሹ ሄደ።

ሸሚዙ የሙሉቀን ነበር።

ሙሉቀን የእትዬ የሺ ልጅ ነው። የእትዬ የሺ ቤት ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ ነው፤ ባላቸው እንደ አባቴ ሠፋሪ ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል። ሙሉቀን ለሳኝ ነበር፤ ግድግዳ ሲለስን እጁ የሚዘፍን ይመስላል። ሥራ አለ ተብሎ ድባጤ ሄደ። ቀጥሎ ያ ግድያና ስደት የበዛበት ክፉ ጊዜ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ሞተ ያለ የለም፤ አየሁት ያለም የለም። አብሮት ከሄዱት የተመለሱም አሉ፤ እነሱም ሲጠየቁ መሬት መሬት ከማየት በቀር የሚናገሩት የላቸውም።

እናቱ አላለቀሱም። ነፍስ ይማር ሊል የመጣን ሰው ከደጃፍ መለሱ። በየሳምንቱ እሑድ ስልኩ ላይ ይደውላሉ። ያቺ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም» የምትለው ሴት ስታነሣላቸው፣ እትዬ የሺ ተናግራ እስክትጨርስ ይጠብቁና «እሺ የኔ ልጅ፣ ሲገባ እናትህ ደውላ ነበር በይልኝ» ብለው ይዘጋሉ። መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ይህን የምናዘዘው ለእናንተ ብቻ ነው።

ለፋሲካ ነው ሸሚዙን ያመጡልኝ። አንገቱ፣ ማለት ኮሌታው፣ ተበልቷል። «ሲመጣ የሚለብሰው ነው፤ አንገቱን ገልብጥልኝ» አሉ። የተበላ አንገት ይፈታና ተገልብጦ ይሰፋል፤ ሥራው ሻይ ከመጠጫ ጊዜ አይበልጥም። አንገቱን የዚያኑ ዕለት ፈታሁት፣ በስፒል ግድግዳዬ ላይ ሰካሁት። ከዚያ በኋላ ነገ አልኳቸው። ግንቦት ላይ ነገ አልኳቸው። ሰኔም ነገ ነበር። በልብስ ሰፊ አገር ነገ የሚባለው ቀን ከሁሉ የሚረዝም ወር ነው።

ነሐሴ ላይ መጡ። «ዛሬስ?»

«ነገ፣ እትዬ። ነገ ጠዋት አልሰፋ እንደሆነ ስሜን ይቀይሩት።»

ከሄዱ በኋላ እውነትም ልሰፋው ተነሣሁ። ማዳበሪያውን ገለበጥኩ። ሁለተኛውንም ገለበጥኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን አንገት አየሁት። ሰማያዊ፣ ነጭ መስመር ያለበት። ስፒሉን ነቅዬ አንገቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከፊቴ የምትቀመጠው ሽንኩርት ሻጭ «ምነው? ሞት ሰማህ እንዴ?» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ» አለችኝ።

ቄስ ወይም ሽማግሌ ብሆን እንዲያ አደርግ ነበር። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ችግር ሲያጋጥመው የሚያስበው በጨርቅ ነው። «ሌላ እሰፋለሁ» አልኩ። «አንገቱ እውነተኛው ነው። ሌላውን ማን ያውቃል?»

ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ እሳቱን ማራገብ ጀመረች።

ገበያውን አስሼ ሰማያዊ ባለ መስመር ጨርቅ አገኘሁ። መስመሩ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ሰው ካላፈጠጠ አያየውም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በአንድ ቀን ሰፋሁት። በአራት ወር ያልሠራሁትን በአንድ ቀን! እውነተኛውን አንገት ገልብጬ ተከልኩበት። ግን አዲስ ሆነ፣ አበራ። ሰባት ጊዜ አጠብኩት። ድንጋይ ላይ ፈተግሁት። ሻይ ውስጥ ነከርኩት፤ ቢጫ ሆነብኝና እንደገና አጠብኩት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ሳደርገው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እናት ደግሞ ልብስን በዓይን ብቻ እንደማታይ ገባኝ።

ስለዚህ ለበስኩት።

አትሳቁ። ሙሉቀን ቀጭን ረጅም ልጅ ነው፤ እኔ አጭርና ክብ ነኝ። ቁልፎቹ ሆዴ ላይ ሲደርሱ በየፊናቸው ተለያዩ። እጅጌው እጄን ውጦታል። ሁለት ቀን ሙሉ ያን ለብሼ ላብ እንዲጠጣልኝ ገበያውን ዞርኩ። አንዱ ባጃጅ ነጂ አቁሞ «ጋሼ፣ ልብስ ሰፊ ጠፍቶ ነው?» አለኝ። ዓሻም አየችኝ፤ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችኝና «ወላሂ፣ አንተ ሐራም ነገር ሠርተሃል» አለች። «ምንም አልሠራሁም» አልኳት። «ታዲያ ለምን በሰው ልብስ ውስጥ ትሸሻለህ?»

በሳምንቱ እትዬ የሺ መጡ። አጥፌ በፌስታል ሰጠኋቸው። አወጡት። መጀመሪያ አንገቱን ይዘው ፊታቸው ላይ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተረፍኩ አልኩ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ብብቱ ወረደ። ገለበጡት። ብብቱ ሥር አንድ ነገር ፈለጉ። ለካስ እሳቸው ራሳቸው በጥቁር ክር የጠቀሙት ቀዳዳ ነበረበት።

ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንገቱ የልጄ ነው» አሉ። «ሌላው የማን ነው?»

ጨርቅ የሌለበትን መኪና መርገጥ ጀመርኩ። 

«አንተ ልጅ፣ የልጄን አንገት ብቻ ነው የምትሰጠኝ? አካሉንስ የት አደረግኸው?»

ሽንኩርት ተራው ጸጥ አለ። ገበያ ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰማሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ማዳበሪያውን፣ መቀሱን፣ ሻዩን፣ ሁለት ቀን መልበሴንም ጭምር። ይሰድቡኛል፣ ድንጋይ ያነሣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ሽንኩርት ሻጯም ጠብቃለች፣ ሚዛኗን ከመሀላችን አነሣች። እትዬ የሺ ግን አልተሳደቡም።

«ውሰደኝ» አሉ። «ያለበትን አሳየኝ።»

ዓሻ ባጃጅ ጠራች። ሦስታችን ገባን፤ እኔ መሀል ላይ፣ ከቀኝ ዓሻ፣ ከግራ እትዬ የሺ፣ ሁለቱም ሳይነኩኝ። ባጃጅ ውስጥ ሳይነኩህ መቀመጥ የማይቻል ነገር ነው፤ እነሱ ግን ቻሉት።

አዳራሹ በር ላይ ቆሜ በአስተዋይነት መናገር ሲገባኝ፣ «የሰጠናችሁን ብርድ ልብስ አሳዩን!» ብዬ ጮህኩ። ወሬው እንደ እሳት ሄደ። ሊወስዱት መጡ! ሰዉ ብርድ ልብሱን መጠቅለል፣ ላዩ ላይ መቀመጥ፣ በመስኮት ማሾለክ ጀመረ። ያን ቀን ማዳበሪያቸውን ያካፈሉኝ ሽማግሌ ድሪቷቸውን ለብሰው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ።

«መጀመሪያ ግደለኝና ውሰደው» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ የሰፋሁት!»

«የሰፋህ ከሆነ ለምን ትነጥቀናለህ?»

ዓሻ በጀርባዬ አለፈችና «ማንም አይወስድም! አንድ ጨርቅ ጠፍቶ ነው! እናት ነው የሚፈልገው!» አለች። «እናት» ስትል እትዬ የሺን አሳየች። ሰዉ አያቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ገረመኝ፤ አንድ በአንድ ብርድ ልብሱን ገልጦ ያሳያቸው ጀመር። እትዬ የሺ እያንዳንዱን በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ አይደለም ብለው ይመልሳሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላሉ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ የገዛ ስፌቴን አያለሁ። ያ ሁሉ ጠማማ! አንዱ ላይ የሱሪ ኪስ ሳላነሣ ሰፍቼበታለሁ። አንዲት ሴት ያችን ኪስ ከፍታ አሳየችን፤ የማሽላ ዘር ይዛበታለች። «እንዳይርስብኝ ነው» አለች። «እርሻ የተመለስን ቀን እዘራዋለሁ።»

የሙሉቀን ሸሚዝ ግን የለም።

ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ብርድ ልብስ የላትም። ስሟ ደስታ ነው፤ ዓሻ ታውቃታለች።

«ደስታ፣ ያንተስ ብርድ ልብስ የት አለ?» አለቻት።

ደስታ እኛን አየችን፣ ዓሻን አየች፣ ተነሥታ ቆመች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች።

«ምን አደረግክ?»

«ልጄ ታመመች። ሳል ነው። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ መድኃኒት ሰጡኝ፣ እንቢ አለ። ሞተች። መግነዣ የለኝም።» ቃሉን ፈልጋ አቆመች። «በእሱ ጠቅልዬ ቀበርኳት። ሌላ ጨርቅ የለኝም ነበር። የሰው ስጦታ መሬት አይገባም፣ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ያቺ ሴት እኔን ነው ይቅርታ የጠየቀችው። ለእናት የሐሰት ሸሚዝ ሰፍቼ የቆምኩትን ሰውዬ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብያለሁ፤ ሁሉም ቀልድ እንደነበር ያን ቀን አወቅኩ።

እትዬ የሺ ጠጋ አሉ። «ስንት ወሯ ነበር?»

«ዘጠኝ።»

«ድሪቶው ላይ ሰማያዊ ነበረበት? ነጭ መስመር ያለው?»

ደስታ አሰበች። «አለበት። እሱ ይለሰልሳል። ሌላው ይሻክራል። ስለዚህ እሱን በፊቷ በኩል አደረግኩት።»

እትዬ የሺ ግድግዳውን ያዙ። ዓሻ ከኋላቸው ደገፈቻቸው። ቀና ብለው፣ «መቃብሯን ታሳዪኛለሽ?» አሉ።

ሩቅ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ማንጎ ሥር ነው። መቃብር ለማለት እንኳ ታሳዝናለች፤ ሁለት ክንድ የማትሞላ የተቆለለ አፈር፣ ዳሯ በድንጋይ የተከበበ። ዝናቡ ግማሹን አጥቧት ነበር። ደስታ ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ሰበሰበችው። እትዬ የሺም ተንበረከኩ፣ አብረዋት ሰበሰቡ።  አፈር እንደ ዱቄት ሲሰበስቡ ቆዩና በመሀል የእትዬ የሺ እጅ ቆመ።

«ሙሉቀን» አሉ።

ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ሰው ተኝቶ እንደሆነ ለማወቅ እንደሚጠራ። ከዚያ ደገሙት። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ደረታቸውን መቱ፣ ያ ሁሉ ዘመን ከደጃፍ ሲመለስ የነበረው ልቅሶ መጣ። «ሙሉቀኔ! እጅህ ወርቅ የሆነው! ያለ ቀባሪ የቀረኸው! ማን ዓይንህን ከደነልኝ!» ደስታም ተከተለች፤ እሷ የምታለቅሰው በራሷ ቋንቋ ነው፣ አንድ ቃል አልገባኝም፣ ሁሉም ገባኝ። ዓሻ መሬት ላይ ተቀምጣ መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ ትጸልያለች። ከአዳራሹ ሴቶች ተከትለውን መጥተው ነበር፤ የራሳቸውን ሟች እየጠሩ ገቡበት። ለመቃብሯ ትንሽነት ሰዉ በዛ። እኔ ከማንጎው ጀርባ ቆምኩ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ዛፍ ያስፈልገዋል።

በማግስቱ እትዬ የሺ እድሩ ዘንድ ሄዱ። «ድንኳን ትከሉልኝ፣ ልጄ ሞቷል» አሉ። የእድሩ ሊቀመንበር ደግ ሰው ነው፤ ግን ደንብ ይወዳል፤ ደንቡን እሱ ነው የጻፈው። መዝገቡን ገለጠ።

«እትዬ የሺ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ግን ደንባችን አስከሬን ይላል። አስከሬን ካልተገኘ፣ መቃብር ከሌለ፣ ድንኳን አይወጣም። አንድ ጊዜ ከፈቀድን…»

«መቃብር አለኝ» አሉ እትዬ የሺ።

«የት?»

«ማንጎው ሥር።»

«እሱ እኮ የዚያች ተፈናቃይ የሕፃን ልጇ ነው ይባላል።»

«አዎ። ልጄ ሕፃኗን አቅፎ ነው የተቀበረው። ደንብህ ለብቻው የተቀበረ ብቻ ይላል?»

ሊቀመንበሩ መዝገቡን አየ። ገጽ ገለጠ። መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ የሚል አንቀጽ አልነበረም። መዝገቡን ዘጋና «ድንኳኑን አውጡ» አለ።

ምሰሶውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ማንም ሸክሙን አልተጋራኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሦስት ቀን ተለቀሰ። እትዬ የሺ ከመሀል ተቀመጡ፣ ደስታን በቀኛቸው አስቀመጡ። ለቀስተኛ ሲገባ ግራ ይገባዋል። «ነፍሱን ይማር» ይላል፤ እትዬ የሺ ዝም ብለው ይጠብቁታል። «ነፍሷንም ይማር» ሲል ያን ጊዜ «አሜን» ይላሉ።

እኔ ውሃ እያመላለስኩ አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር፤ አሁንም ያንገበግበኛል። ያላለቀሰችን እናት ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። ለመቀሴ ስህተት ባይሆን ኖሮ ዛሬም እሑድ እሑድ እየደወሉ ይጠብቁ ነበር። የቱ ይሻላል? አላውቅም። ሙሉቀን አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ቢገባና አንገቴን አንቆ «ሸሚዜስ?» ቢለኝ፣ ወዮ! እንዴት ደስ ብሎኝ እታነቅ ነበር።

እትዬ የሺ እስከ ዛሬ አላናገሩኝም። ይቅር ይበሉኝም ሆነ ይቅር ብዬሃለሁ አልተባባልንም። ልብሳቸውን ማዶ ላለው ሰፊ ይሰጣሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን ለእሱ ነበር የምሰጠው።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑን ስናፈርስ ደስታ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወደ አዳራሹ ልትመለስ ተነሣች። ሰማዩ ጠቁሯል። እትዬ የሺ ከበራቸው ላይ ሆነው አዩዋት።

«በዚህ ዝናብ የት ትሄጃለሽ?» አሉ። «እስኪያባራ ግቢ።»

ገባች።

ያ ዝናብ ካባራ ቆየ። ክረምቱም ወጣ፤ ማንጎውም አፈራ። ደስታ አሁንም እዚያው ናት። ዝናቡ አባርቷል ብሎ ለሁለቱ የነገራቸው ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።